በካቱሺካ የሰማንያዎቹን የጃፓን ባንዶች የምንዘፍንበት ካራኦኬ ቤት

ቶኪዮ ካቱሺካ ወረዳ፣ ኬይሴይ መስመር ላይ ካለ ባቡር ጣቢያ አጠገብ አንድ ካራኦኬ ቤት (የተቀረጸ አጃቢ ሙዚቃ እየተከፈተ እንግዳው ራሱ የሚዘፍንበት ቤት) አለ። ለማንም ሰው ሳልጠየቅ እመክረዋለሁ። ዕድሜያቸው ሃምሳን የተሻገረ ጃፓናውያን የወጣትነታቸውን ባንዶች ሲዘፍኑ መስማት ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ሲዲ ገዝቶ ቤት ቁጭ ብሎ ማዳመጥም ጥሩ ነው፤ ግን ዘፈኑ ሲወጣ አሥራ ስድስት አሥራ ሰባት ዓመታቸው ከነበረ ሰዎች ጋር አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መስማት የሚሰጠውን አይሰጥም። የምሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። ባልደረቦቼ አብዛኞቹ በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ፈረቃችን ሲያልቅ ወደዚያ ይዘውኝ ይሄዳሉ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ክፍሉ በግማሽ ሰዓት ሂሳብ ይከራያል። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ቀን ላይ ለአንድ ሰው ግማሽ ሰዓቱ ከ300 የን አይበልጥም፤ ዓርብ ማታና ቅዳሜ ግን ከእጥፍ በላይ ይጨምራል። እያንዳንዱ ሰው ቢያንስ አንድ መጠጥ የማዘዝ ግዴታ አለበት፤ እኛ ሻይ እንይዛለን። ክፍሎቹ ንጹህ ናቸው፣ አስተናጋጆቹም ትሑት ናቸው። ስለ ቤቱ ይህ ይበቃል።

እዚያ ክፍል ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚዘፈነው ፕሪንሰስ ፕሪንሰስ ነው። አምስት ሴቶች ናቸው፦ ድምፃዊቷ ካኦሪ ኦኩዪ፣ ጊታሪስቷ ካናኮ ናካያማ፣ ቤዝ ጊታር አትሱኮ ዋታናቤ፣ ኪቦርድ ቶሞኮ ኮንኖ፣ ድራም ኪዮኮ ቶሚታ። እ.ኤ.አ. በ1989 «ዳይመንድስ» የተባለው ዘፈናቸው የሙዚቃ ሽያጭ ደረጃ በሚያወጣው በኦሪኮን የዓመቱ የነጠላ ዘፈን ሽያጭ አንደኛ ወጣ፤ ሁለተኛ የወጣውም የእነሱ ነበር። በዚያው ዓመት ቶኪዮ ባለው ትልቁ ቡዶካን አዳራሽ ውስጥ ኮንሰርት ያቀረበ የመጀመሪያው የጃፓን የሴቶች ባንድ ሆኑ። በዚያ ዘመን ጃፓን ውስጥ ወጣት ሴት ዘፋኝ ስትባል አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው የጻፈላትንና ያቀናበረላትን ይዛ ቴሌቪዥን ላይ የምትቀርብ ነበረች። እነዚህ ግን ግጥሙንም ዜማውንም ሠርተው፣ መሣሪያውንም ራሳቸው እየተጫወቱ መጡ። እኛ አገር ሮሃ ባንድ ሲነሳ ወዲያው የሚከተለው የድምፃዊ ስም ነው፤ ማህሙድ፣ አስቴር፣ ነዋይ። ባንዱ አጃቢ ነው። የጃፓኖቹን ባንዶች መውደድ የጀመርኩት ይህ ልዩነት ሲገባኝ ነው፤ ባልደረቦቼ የድራመሯን ስም እንደ ድምፃዊቷ ስም እኩል ያውቁታል።

ድራመሯን ያነሳሁት በምክንያት ነው። «ኤም» የተባለውን ዝግ ያለ ዘፈን ግጥም የጻፈችው እሷ ናት፤ ዜማው የኦኩዪ ነው። ከተለየችው ሰው ጋር ያለፈውን ጊዜ መርሳት ያቃታት፣ አድራሻውን ከማስታወሻ ደብተሯ ለመፋቅ እጇ አልታዘዝ ያላት ሴት ነገር ነው። ወጥ ቤት የምትሠራው ባልደረባችን ሁልጊዜ ይህን ትመርጣለች። ማይኩን በሁለት እጇ ይዛ ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ትተክላለች፤ ስክሪኑ ላይ ስንኙ ቀለም እየቀየረ ሲሄድ ዞር ብላ አታየውም፣ አያስፈልጋትም። አዝማቹ ላይ ዜማው ሽቅብ ሲወጣ ድምፅዋ ይሰነጠቃል። ሌሎቹ ድምፅ ሳያሰሙ ከንፈራቸውን ከእሷ ጋር ያንቀሳቅሳሉ። ብርጭቆ የሚያነሳ የለም።

ይህች ባልደረባችን በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ያለው የሚያጊ ግዛት ሰው ናት። ፕሪንሰስ ፕሪንሰስ እ.ኤ.አ. በ1996 ተበትነው ነበር፤ በ2011 የምሥራቅ ጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ሲደርስ ግን በቀጣዩ ዓመት ተመልሰው ተሰባሰቡና የኮንሰርታቸውን ገቢ ለተጎዱት አካባቢዎች ሰጡ። በ2016 በሚያጊ ዋና ከተማ በሴንዳይ የተከፈተው የሙዚቃ አዳራሽም የተሠራው በእነሱ ድጋፍ ነው። እሷ ይህን ስታወራ ስለ ታዋቂ ሰዎች ሳይሆን ለቅሶ ስለደረሱላት ጎረቤቶች የምታወራ ይመስላል።

ወንዶቹ ደግሞ ቦዊን ይዘፍናሉ (ከእንግሊዛዊው ዘፋኝ ከዴቪድ ቦዊ ጋር አይምታታባችሁ)። ከጉንማ ግዛት፣ ከታካሳኪ ከተማ የተነሳ የአራት ሰዎች ባንድ ነው፤ ኪዮሱኬ ሂሙሮ ይዘፍናል፣ ቶሞያሱ ሆቴይ ጊታር ይመታል። ዝናቸው ጫፍ ላይ ሳለ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1987 እ.ኤ.አ. ሺቡያ ውስጥ መድረክ ላይ ቆመው መለያየታቸውን ተናገሩ፤ በሚቀጥለው ሚያዝያ 4 እና 5 ገና አዲስ በነበረው ቶኪዮ ዶም ስታዲየም ሁለት ምሽት ተጫውተው አበቁ። የጥገና ሠራተኛችን ለዚያ ኮንሰርት ትኬት ለማግኘት ቀኑን ሙሉ ስልክ ሲደውል ውሎ አላገኘም። ዛሬም ሲነሳበት ይቆጨዋል። «ማሪዮኔት»ን ሲዘፍን ኮቱን ያወልቃል፣ ዘፈኑ እስኪያልቅም አይቀመጥም።

ለጀማሪ የምመክረው ግን ብሉ ሃርትስ የተባለውን ባንድ ነው። በ1987 የወጣው «ሊንዳ ሊንዳ» በዝግታ ይጀምርና ድንገት ይፈነዳል፤ አዝማቹ ርእሱን ራሱን መደጋገም ስለሆነ ጃፓንኛ የማያውቅም ሰው አብሮ መጮኽ ይችላል። ክፍሉ በሙሉ ይነሳል።

ወደ ማሽኑ ልመለስ፤ ቤቱን ከሌሎቹ ያስመረጠኝ እሱ ነው። ዘፈን የሚመረጥበት ታብሌት በዘመን መፈለግ ያስችላል፤ ዓመቱን ስትነኩ የዚያ ዓመት ተወዳጅ ዘፈኖች ተደርድረው ይመጣሉ። ስክሪኑ ላይ ካንጂ ከሚባሉት ከባዶቹ ፊደላት በላይ ንባቡ ሂራጋና በሚባለው ቀላሉ የጃፓን ፊደል በትንንሹ ይጻፋል። ሂራጋና ብቻ የለመደ አበሻ ሁሉ ሊዘፍን ይችላል ማለት ነው፤ እኔ ካንጂ ማንበብ የለመድኩት ከመማሪያ መጽሐፌ ይልቅ እዚህ ነው። ቶኑን ዝቅና ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ወንዶች ፕሪንሰስ ፕሪንሰስን ለመዝፈን ዝቅ ማድረጋቸው ግድ ነው። ክፍሉ ውስጥ እንደገባችሁ የማይኩን ኢኮ (ማስተጋባት) እና የሙዚቃውን ድምፅ ቀንሱ፤ ሲከፈት ሁልጊዜ የበዛ ነው። ውጤት የሚሰጠውንም ዝጉት። ሃምሳ አምስት ዓመት የሞላት ሴት በልቧ ስትዘፍን ማሽን ነጥብ ሊሰጣት አይገባም።

ጉድለቱ አጃቢ ሙዚቃው ነው። ብዙው በኮምፒዩተር የተሠራ ስለሆነ ከባንድ ሙዚቃ ዋናው ነገር ይጎድለዋል፤ የሆቴይ ጊታር ቀጥኖ ይሰማል፣ ድራሙም ክብደት የለውም። ለአንዳንድ ዘፈኖች በእውነተኛ መሣሪያ የተቀረጸ አጃቢ አለ፤ ዝርዝሩ ላይ ምልክቱን አይታችሁ እሱን ምረጡ። አንዳንዶቹም የባንዱን የራሱን የኮንሰርት ምስል ያሳያሉ፤ ሌሎቹ ላይ የሚታየው ከዘፈኑ ጋር የማይገናኝ የመንገድና የባሕር ዳር ቪዲዮ ነው። የአማርኛ ዘፈን ፈልጌ አላገኘሁም።

ሌላ ሰፈር የሞከርነው ካራኦኬ ቤት ጊዜያችን ሳያልቅ መብራት አብርቶ አስወጥቶናል፤ እዚህ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብን አያውቅም። የክፍሉ ስልክ ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ይደውላል፤ ቀጣይ እንግዳ ከሌለ እዚያው በስልክ ታራዝማላችሁ።

በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ሂዱ፣ ለሁለት ሰዓት ያዙ። ቢቻል ከጃፓናዊ የሥራ ባልደረባ ጋር ሂዱ፤ በ1989 ምን ይሰሙ እንደነበር ብትጠይቋቸው ደስ ብሏቸው ይነግሯችኋል። «ኤም»ን ከመጨረሻው ግማሽ ሰዓት በፊት አስገቡት፣ ስልኩ መሃል ላይ እንዳያቋርጠው።