ስካርፌስን ከየት ልጀምር? «ዘ ዳያሪ» ወይስ «ዘ ፊክስ»

የሂዩስተኑን ራፐር ስካርፌስን ሰምቶ ለማያውቅ ሰው ሁለት አልበሞች አሉኝ። አንዱ የ1994ቱ «ዘ ዳያሪ»፣ ሌላው የ2002ቱ «ዘ ፊክስ»። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

«ዘ ዳያሪ» ሲወጣ ሰውዬው 24 ዓመት እንኳ አልሞላውም። የሚያወራው ግን ብዙ እንደኖረ ሽማግሌ ነው። ሞት፣ ጸጸት፣ ፍርሃት። «አይ ሲን ኤ ማን ዳይ» የሚለውን ዘፈን ስሙት። ከእስር የወጣ ወጣት፣ መጨረሻው ሞት። ስካርፌስ አይፎክርም፣ ሟቹ አጠገብ ቁጭ ብሎ የሚያዋራው ነው የሚመስለው። ኤን ኦ ጆ እና ማይክ ዲን የሠሩት ሙዚቃም ቀስ ያለና ከባድ ነው፤ የቴክሳስ ሙቀት አለበት። ጠዋት ቡና ላይ የሚከፈት አልበም ግን አይደለም!

«ዘ ፊክስ» ቀለል ይላል። ያኔ ስካርፌስ የራፕ ቡድኑ የጌቶ ቦይዝ አባል ብቻ አልነበረም፤ ራፐሩን ሉዳክሪስን ያስፈረመው የሙዚቃ ኩባንያ የዴፍ ጃም ሳውዝ አለቃም ሆኖ ነበር። በአልበሙ ላይ የተጋበዙት ዘፋኞችም እንደዚያው ትልልቅ ናቸው፦ ጄይ ዚ፣ ናስ፣ ፌይዝ ኢቫንስ። ገና የራሱን አልበም ያላወጣው ካንዬ ዌስትም ቢት ሠርቶለታል። «ዘ ሶርስ» መጽሔት አምስት ማይክ ሰጠው፤ ሙሉ ነጥብ ማለት ነው።

ለጀማሪ «ዘ ፊክስ» ይሻላል። በተለይ «ማይ ብሎክ»፤ ፒያኖው ብቻውን ይበቃል። እኔ ግን ማታ ብቻዬን ስሆን የምከፍተው «ዘ ዳያሪ»ን ነው።