አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ ናፕሮክሰን፣ አስፕሪን፦ ያለ ማዘዣ የሚገዙ ማስታገሻዎች ሲመዘኑ

ወገቤን ወይም ጉልበቴን ብሎ ፋርማሲ የሚገባ ሰው በብዛት የሚጠራው «ዳይክሎ»ን ነው። ክኒኑም፣ መርፌውም፣ ቅባቱም በዚሁ ስም ይጠየቃል፤ «ጠንከር ያለ ነው» የሚል ዝናም አለው። እኛ ግን ለአዋቂ ሰው ድንገተኛ ሕመም የምናስቀድመው 400 ሚሊግራም አይቡፕሮፌንን ነው። የዳይክሎፌናክን ክኒን ማንም ሰው ሐኪም ሳያማክር ባይገዛው ይሻላል። ቅባቱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ጥሩ ነጥብ ይገባዋል።

አይቡፕሮፌን

እንግሊዝ ውስጥ በሐኪም ማዘዣ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ሲሆን በ1983 እዚያው ያለ ማዘዣ እንዲሸጥ ተፈቀደ። ይህን ያህል ዘመን በሰው እጅ ስለቆየ ምን እንደሚጠቅምና የት ላይ እንደሚጎዳ በደንብ ይታወቃል። ከተዋጠ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መሥራት ይጀምራል፤ ከ4 እስከ 6 ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ 8 ሰዓት ያቆያል። ለአዋቂ አወሳሰዱ አንድ ፍሬ በየ8 ሰዓቱ ነው፦ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት፣ ማታ 5 ሰዓት። ድምሩ በቀን 1200 ሚሊግራም ይሆናል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከዚህ አይታለፍም። ሕመሙ ከ10 ቀን፣ ትኩሳቱ ከ3 ቀን ካለፈ የሚያስፈልገው ሌላ ስትሪፕ ሳይሆን ምርመራ ነው።

«አንዱ አልያዘልኝም» ብሎ ሁለት ፍሬ በአንዴ መዋጥ የተለመደ ነው፤ ትርፉ ግን ትንሽ ነው። ሕመም የማስታገስ አቅሙ 400 ሚሊግራም አካባቢ ጣሪያው ላይ ይደርሳል። 800 ቢወሰድ ሕመሙ በእጥፍ አይቀንስም፤ ጨጓራና ኩላሊት ላይ ያለው ጫና ግን ይጨምራል። ሐኪም 600 ወይም 800 የሚያዝዘው በአብዛኛው የቆየ የመገጣጠሚያ እብጠት ለማውረድ ነው። 400 ሚሊግራም ያልቻለው የጥርስ ሕመም ሲሆን የሚያዋጣው ፓራሲታሞል 500 ወይም 1000 ሚሊግራም ጨምሮ መውሰድ ነው። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች አይደሉም፤ የሚሠሩበት መንገድ ስለሚለያይ አብረው ይወሰዳሉ። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ይህ ጥምረት አንዱን ብቻ ከመውሰድ እንደሚበልጥ በደንብ የተጠና ነገር ነው። የፓራሲታሞሉ ጣሪያ በቀን 4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500ው 8 ፍሬ ነው።

ለወር አበባ ሕመም ወሳኙ ሰዓቱ ነው። ማሕፀንን የሚያኮማትረው ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ አይቡፕሮፌን የሚያግደው እንዳይመረት ነው እንጂ የተመረተውን ጠርጎ አያወጣም። ሕመሙ እስኪብስ መታገሥ ስለዚህ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ቁርጠቱ ሲጀምር ወይም ደሙ እንደታየ መጀመር፣ ከዚያም ለ2 ወይም ለ3 ቀን ሰዓቱን ጠብቆ መቀጠል ነው።

ደካማ ጎኑ ጨጓራ ነው። ያው ፕሮስታግላንዲን የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቀው ልባስ እንዳይሳሳ ያደርጋል፤ ክኒኑ ሕመሙን ሲያስታግስ ይህንንም መከላከያ አብሮ ያነሳል። «ከምግብ ጋር ከተዋጠ አይነካም» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ምግብ ማቃጠሉንና ማቅለሽለሹን ይቀንሳል፤ መድኃኒቱ በደም ዞሮም ወደ ጨጓራ ስለሚደርስ ግን ቁስለትን ሙሉ በሙሉ አይከላከልም። አገራችን ውስጥ ኤች ፓይሎሪ ባክቴሪያ በሰፊው አለ፤ እሱ ያለበት ጨጓራ ላይ ይህ ክኒን ሲጨመር የመቁሰል ዕድሉ ከፍ ይላል። ቁስለት ኖሮበት የሚያውቅ ወይም ደም ያስታወከ ሰው ይህን የመድኃኒት ቤተሰብ (አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ ናፕሮክሰን፣ አስፕሪን) በሙሉ ትቶ ፓራሲታሞል ይያዝ። የግድ ሆኖ ሲገኝ ሐኪሙ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል 20 ሚሊግራም ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት እንዲወሰድ አብሮ ያዝዛል።

እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው የመጀመሪያውን ፍሬ 9 ሰዓት ላይ ከምግቡ ጋር፣ ሁለተኛውን ማታ 5 ሰዓት ላይ አድርጎ በቀን በሁለት ቢያበቃ ለጨጓራውም ለኩላሊቱም ይሻለዋል። ውኃ ሳይጠጡ ውሎ ክኒኑን በአንድ ጉንጭ መዋጥ መጥፎ ልማድ ነው፤ አንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይጠጣ፣ ወዲያውም ጋደም አይባል።

ዳይክሎፌናክ

ክኒኑ 50 ሚሊግራም ነው፤ በቀን ሁለቴ ወይም ሦስቴ ይታዘዛል፣ ጣሪያው 150 ሚሊግራም ነው። ይሠራል፤ በዚህ ክርክር የለንም። ለተራ የወገብ ሕመም ወይም ለወለምታ ግን ከአይቡፕሮፌን ብዙ ትርፍ ሳይኖረው ልብ ላይ ያለው አደጋ ይበልጣል። የአውሮፓ መድኃኒት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2013 ባደረገው ግምገማ የልብ ድካም ላለባቸው፣ የልብ ደም ሥር ለጠበበባቸውና ስትሮክ ለመታቸው ሰዎች እንዳይሰጥ አሳስቧል። እንግሊዝ ያለ ማዘዣ ይሸጥ የነበረውን አነስተኛ መጠን ያለውን ክኒን ሳይቀር እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ወደ ማዘዣ መልሳዋለች። አሜሪካም ክኒኑን በማዘዣ ብቻ ነው የምትሸጠው። እኛ ዘንድ ግን የደም ግፊት አለብዎት ወይ የሚል ጥያቄ ሳይነሳ በስትሪፕ ተቆርጦ ሲሸጥ ይታያል። ለዚህ ነው ነጥቡን ዝቅ ያደረግነው።

ክኒኑ አንጀት እስኪደርስ እንዳይሟሟ የተሸፈነ ከሆነ መፍጨት፣ መስበር ወይም ማኘክ አይገባም። ይህ ሽፋን ሥራውን ያዘገየዋል፤ በተለይ ከከባድ ምግብ በኋላ ሲዋጥ ይቆያል። «እስካሁን አልሠራም» ብሎ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ ፍሬ የሚጨምር ሰው ሁለቱ አንድ ላይ ይደርሱበታል።

ስለ መርፌው የሚወራው ትልቁ ስሕተት «ጨጓራን አይነካም፣ በቀጥታ ወደ ደም ይገባል» የሚለው ነው። ወደ ደም መግባቱ እውነት ነው፤ ጨጓራን የሚጎዳውም በዚያው መንገድ ነው። 75 ሚሊግራሙ መርፌ ከክኒኑ የሚለየው በመግቢያው ብቻ ነው። ላዩ ላይ ደግሞ የራሱ አደጋ አለው፤ መቀመጫ ላይ ቦታውን የሳተ መርፌ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቁን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል፣ አልፎ አልፎም የተወጋው ሥጋ ይሞታል። የሚያስመልሰውና ክኒን መዋጥ ያልቻለ ሰው፣ ወይም የኩላሊት ጠጠር ያጣደፈው፣ በጤና ተቋም ሐኪም ካዘዘለት ቦታው አለው። ለትከሻ ሕመም መርፌ መፈለግ ግን ትርፍ የሌለው ድካም ነው።

ቅባቱ፣ ባለ 1 በመቶው ጄል፣ ለጉልበትና ለእጅ ጣቶች ከዝርዝሩ ሁሉ የምንወደው ነው። በትክክል ሲቀባ ወደ ደም የሚደርሰው ክኒኑ ከሚያደርሰው 6 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ክኒኑን በማዘዣ እያቆየ ጄሉን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ያለ ማዘዣ እንዲሸጥ መፍቀዱ ልዩነቱን ያሳያል። ችግሩ ሰው በጣም አሳንሶ መቀባቱ ነው። ለአንድ ጉልበት የተቀመጠው መጠን 4 ግራም በቀን አራት ጊዜ፣ ለእጅ 2 ግራም በቀን አራት ጊዜ ነው። ከጠቋሚ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ የተጨመቀ መስመር ግማሽ ግራም ይሆናል፤ ለአንድ ጉልበት እንግዲህ ስምንት እንዲህ ያለ መስመር ማለት ነው። በዚህ ስሌት ባለ 30 ግራሙ ትዩብ ሁለት ቀን አይሞላም፤ ዋጋውን ከክኒኑ ጋር ስታወዳድሩ ይህን አስቡ። ለውጡም በአንድ ቀን አይታይም፣ እስከ 7 ቀን መጠበቅ ያሻል፤ በ21 ቀን ካልረዳ መተው ነው። ከተቀባ በኋላ እጅ ይታጠባል (የተቀባው እጅ ካልሆነ)፣ ቦታው ለአንድ ሰዓት ያህል አይታጠብም፣ በፋሻ አይጠቀለልም፣ ሙቅ ውኃ የያዘ ጠርሙስ አይደረግበትም። ጥልቅ የሆኑት ዳሌና ወገብ ላይ ብዙ አትጠብቁበት። ሚንት ሚንት የሚሸተውና የሚያቃጥለው ዓይነት ሚቲል ሳሊሲሌት የተጨመረበት ነው፤ ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ይራቀው።

ናፕሮክሰንና ከውጭ በሻንጣ የሚመጡት

ከአሜሪካ ዘመድ የሚያመጣው አሊቭ 220 ሚሊግራም ናፕሮክሰን ሶዲየም ነው። ትልቁ ጥቅሙ ቆይታው ነው፦ አንዱ ፍሬ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይይዛል። መጀመሪያ ቀን ላይ ሁለት ፍሬ መጀመር ይቻላል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ግን ከ3 ፍሬ አይታለፍም። በረመዳን በማፍጠሪያና በስሑር ብቻ መዋጥ ለሚፈልግ ይመቻል። ልብ ላይ ያለው አደጋ ከዳይክሎፌናክ ያነሰ ይመስላል፣ ጨጓራን ግን ከአይቡፕሮፌን በላይ ይነካል፤ ረጅም ቆይታው ሲጎዳም የሚረዝም ነው።

ከሻንጣው ጋር የሚመጣው ትልቁ ችግር የስም ብዛት ነው። አድቪልና ሞትሪን፣ በአረብ አገር የሚሸጠው ብሩፌን፣ በእስራኤልና በአውሮፓ የሚታወቀው ኑሮፌን፣ ሁሉም አይቡፕሮፌን ናቸው። ታይለኖልና ፓናዶል ደግሞ ፓራሲታሞል ናቸው። አድቪሉ 200 ሚሊግራም ስለሆነ ዘመድ «ሁለት ሁለት ዋጪ» ይላል፤ ያው ምክር ከፋርማሲያችን በተገዛው ባለ 400 ክኒን ላይ ሲሠራ 800 ይሆናል። ኤክሰድሪን ውስጥ ፓራሲታሞልና አስፕሪን ከካፌይን ጋር አሉ። «ፒኤም» የሚል የተጻፈባቸው አድቪልና አሊቭ እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት ተጨምሮባቸዋል፤ ቀን ላይ ተውጦ መኪና አይነዳም። ፊት ለፊት የተጻፈውን ትልቅ ስም ትታችሁ ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ፈልጉ። አይቡፕሮፌን፣ ናፕሮክሰን፣ ዳይክሎፌናክ፣ አስፕሪን ከሚሉት ሁለቱ በአንድ ቀን ሆድ ውስጥ ከተገናኙ የሚደመረው ጉዳቱ ነው።

ስትሪፕ አስቆርጣችሁ ስትገዙ ደግሞ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ ጠርዙ ላይ መሆኑን አስተውሉ። ቀኑ ያለበት ቁራጭ ለሌላ ሰው ከሄደ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ስም አልባ ክኒን ነው።

አስፕሪን

ለሕመም ሌላ የተሻለ ስላለ አንመርጠውም። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሬይ ሲንድረም የሚባል ጉበትና አንጎልን የሚጎዳ ሕመም ሊያስከትል ስለሚችል አይሰጥም። ለልብ ብሎ 75፣ 81 ወይም 100 ሚሊግራሙን በሐኪም ትእዛዝ የሚወስድ ሰው ግን በራሱ አያቋርጠው። እንዲህ ያለ ሰው አልፎ አልፎ አይቡፕሮፌን ካስፈለገው ያልተሸፈነውን አስፕሪን አስቀድሞ ውጦ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቅ፣ ወይም አይቡፕሮፌኑን ከአስፕሪኑ 8 ሰዓት በፊት ይውሰድ። ተራው ከተገለበጠ አይቡፕሮፌኑ የአስፕሪኑን ቦታ ይይዝና ደም እንዳይረጋ የማድረግ ሥራውን ያከሽፍበታል።

ማን አይገዛቸውም

ለደም ግፊት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ (የሚያሸናውን ክኒን) አብሮ የሚወስድ ሰው ከሁሉም በላይ ሊጠነቀቅ ይገባል። ኢናላፕሪል ከኩላሊት ማጣሪያ የሚወጣውን የደም ቧንቧ ያሰፋል፣ የሚያሸናው ክኒን ፈሳሽ ይቀንሳል፣ እነዚህ ማስታገሻዎች ደግሞ የሚገባውን ቧንቧ ያጠብባሉ፤ ሦስቱ ሲገናኙ ማጣሪያው ግፊት ያጣል። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከተጨመረ ኩላሊት በቀናት ውስጥ ሊቆም ይችላል። ማስታገሻዎቹ በራሳቸው ግፊቱንም ከፍ ያደርጋሉ፤ መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ ግፊቱ ያልወረደለት ሰው በየቀኑ ለጉልበቱ የሚውጠውን ለሐኪሙ ይንገር።

እርጉዝ ሴት ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ አትወስድም፤ የጽንሱን ኩላሊት ስለሚነካ የእንሽርት ውኃ ያሳንሳል። አስፕሪን ወይም ሌላ ማስታገሻ ውጦ አስም የተነሳበት ሰው በሌላ ስም የተሸጠለትንም አይሞክር። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንጊ የሚባለው በትንኝ የሚተላለፍ ትኩሳት ታይቶባታል፤ በዚያና በሌሎች ቆላ አካባቢዎች ትኩሳትና አጥንት የሚሰብር ቁርጥማት ሲመጣ ምርመራው እስኪታወቅ ፓራሲታሞል ብቻ ነው፣ ዴንጊ ከሆነ እነዚህ ክኒኖች መድማትን ያባብሳሉና። በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለራስ ምታት የሚወስድ ሰው ደግሞ ራስ ምታቱን ራሱ ክኒኑ እያመጣበት ሊሆን ይችላል።

ለልጅ የአይቡፕሮፌን ሽሮፕ የሚለካው በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ነው፦ በአንድ ጊዜ ለአንድ ኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም። በ5 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊግራም የሚል ጠርሙስ ከሆነ 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ2.5 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ይሆናል፣ በየ6 ወይም በየ8 ሰዓቱ። መለኪያው የቤት ማንኪያ ሳይሆን መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ነው። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ሐኪም ሳያይ፣ ተቅማጥ ወይም ቺክንፖክስ (ውኃ የሚቋጥር ሽፍታ የሚያወጣ በሽታ) ላለበትም ልጅ አይሰጥም።

እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ የቡና አተላ የመሰለ ትውከት፣ የሽንት መቀነስ፣ የእግር ማበጥ፣ የደረት ውጋት ወይም በአንድ ወገን መድከም ከታየ ክኒኑ ወዲያው ይቆማል፣ ሰውየውም ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሄዳል። ስትሪፑ አብሮ ይያዝ፤ ሐኪሙ «ምን ዋጡ?» ሲል «ነጭ ክኒን» የሚል መልስ አይረዳውም።