ኬሞው ሳይጀመር አንድ ጥያቄ ለጠየቀችን ሲስተር

ምስጋናዬ በካንሰር ክፍል ለምትሠራ አንዲት ነርስ ነው። ስሜን አትጥሪ ስላለችኝ «ሲስተር» እያልኩ እቀጥላለሁ። ጽሁፉ ረዘም ይላል። ግን ቤቱ ውስጥ ወጣት የካንሰር ታማሚ ያለ ሰው እስከ መጨረሻው ቢያነበው ደስ ይለኛል።

ልጄ ኢዊንግ ሳርኮማ የሚባለው የአጥንት ካንሰር የተገኘበት በ15 ዓመቱ ነው። እንዲህ ያለ ዜና የደረሰው ወላጅ ሌላ ነገር አይታየውም። እግሩ ይተርፋል ወይ? ወደ ሳንባው ሄዷል ወይ? ኬሞው (የካንሰር መድኃኒቱ) መቼ ይጀመራል? የእኛም ጥያቄ ይኸው ነበር። ሐኪሙ ስለ ማስመለሱ፣ ስለ ጸጉሩ መርገፍ፣ ስለ ኢንፌክሽን አስረዳን። ፈርመን ወጣን።

ፋይሉን ይዛ የተከተለችን ሲስተር ናት። «ወደፊት ስለ መውለዱ ያናገራችሁ ሰው አለ?» አለችን። ባለቤቴ ደነገጠ። «ኧረ ገና ልጅ እኮ ነው!» አለ። አልተከራከረችውም። «ልክ ነዎት፣ ልጅ ነው። 30 ዓመት ሲሞላው ግን ይህን ጥያቄ ራሱ ይጠይቃል። ያን ጊዜ መልስ እንዲኖረው ነው አሁን የምጠይቃችሁ» አለችው።

ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችን። ኬሞ በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን ነው የሚያጠቃው፤ ካንሰሩን ብቻ መርጦ አይመታም። የወንድ ዘር የሚያመርቱት ሴሎች ደግሞ ያለ ዕረፍት ይባዛሉ። ስለዚህ አብረው ይመታሉ። ሁሉም መድኃኒት ግን እኩል አይጎዳም። ለልጄ ከታዘዙት ውስጥ ሳይክሎፎስፋማይድና አይፎስፋማይድ በዚህ በኩል የታወቁ ናቸው። ጠቅላላ መጠናቸው በጨመረ ቁጥር ጉዳቱም ይጨምራል። ቪንክሪስቲን የሚባለው ግን ቀለል ይላል። «ኬሞ ብቻ ብላችሁ አትለፉት፤ የመድኃኒቱን ስም ጠይቁ» ብላናለች። ይህን ምክሯን እስካሁን ላገኘሁት ሰው ሁሉ እናገራለሁ።

ለአቅመ አዳም ለደረሰ ልጅ መፍትሔው ከምናስበው በላይ ቀላል ነው። የዘር ፈሳሽ ይሰጣል፣ ይመረመራል፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ይቀመጣል። ዓመታት ስላለፉ አይበላሽም። ከ20 ዓመት በላይ ከተቀመጠ ዘር ልጅ የወለዱ ሰዎች አሉ። ነገር ግን የመጀመሪያው ኬሞ ከመሰጠቱ በፊት መሆን አለበት። መድኃኒቱ ከገባ በኋላ የሚወጣው ዘር ውስጣዊ ጉዳት ሊኖረው ስለሚችል ማስቀመጡ አይመከርም።

ይህን ሁሉ ሌላ ሰውም ሊነግረን ይችል ነበር። እኔን የገረመኝ ልጁን የያዘችበት መንገድ ነው።

«እናቴ፣ እርስዎም አባቱም ለትንሽ ጊዜ ውጭ ይጠብቁኝ» አለችን። እውነቱን ለመናገር ቅር ብሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን የ15 ዓመት ልጅ እናቱ አጠገቡ ተቀምጣ ስለ ዘር ፈሳሽ ምን ይመልሳል? ያወራችውን ሁሉ አላውቅም። ልጄ በኋላ የነገረኝን ብቻ ላካፍላችሁ። ይህ ነገር ከወንድነት ጋር እንደማይገናኝ ነግራዋለች። ከሱ በፊት ብዙ ልጆች እንዳደረጉት ነግራዋለች። አልሆን ቢለውም ነውር እንዳልሆነና በትንሽ ቀዶ ጥገና ከዘር ፍሬው የሚወሰድበት መንገድ እንዳለ አስረድታዋለች። ካልፈለገም ማንም አያስገድደውም። የሚቆለፍ ክፍል አዘጋጀችለት። በሩን ማንም እንዳያንኳኳ አስጠነቀቀች። እኛን ደግሞ «በር ላይ ቆማችሁ አታጨናንቁት፣ ሂዱና ሻይ ጠጡ» ብላ አባረረችን። ውጤቱን መጀመሪያ የነገረችው ለሱ ነው። ለእኛ የነገረችን እሱ ሲፈቅድ ነው።

ኬሞው በዚህ ምክንያት አልዘገየም። ዘር ለማስቀመጥ የሚጠየቁትን የኤችአይቪና የሄፓታይተስ ምርመራዎች ከሌላው የደም ምርመራ ጋር አብራ አስወሰደችልን። ላቦራቶሪው ጋር የደወለችውም ራሷ ናት።

አንድ ከባድ ነገር ነበር። ቅጹ ላይ «ዘሩን ያስቀመጠው ሰው ቢሞት የተቀመጠው ዘር ምን ይሁን?» የሚል ጥያቄ አለ። እዚያ መስመር ላይ ስደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት። ሲስተር አላጣደፈችኝም። ወንበር ስባ አጠገባችን ተቀመጠች። የሚወስነው ልጁ መሆኑን፣ መልሱንም በኋላ መቀየር እንደሚችል በእርጋታ ነገረችን። ልጄ ከእኔ ቀድሞ መለሰ።

ሴት ልጅ ላላችሁ ደግሞ እነሆ። በክፍሉ የብዙ ታማሚ ቤተሰብ ስትመክር ሰምቻለሁ። ሴት ልጅ የምትወለደው እንቁላሎቿን ይዛ ነው፤ የጠፋው አይተካም። ለአቅመ ሔዋን ለደረሰች የሆርሞን መርፌ ሁለት ሳምንት ገደማ ይሰጣትና እንቁላሎቿ ወጥተው ይቀዘቅዛሉ። ድሮ የወር አበባ እስኪመጣ ይጠበቅ ነበር፤ አሁን በማንኛውም ቀን መጀመር ይቻላል። በሆርሞን ለሚያድግ የጡት ካንሰር ሌትሮዞል የሚባል መድኃኒት ይጨመርና ኤስትሮጅኑ ከፍ እንዳይል ይደረጋል። ገና ለትናንሽ ልጆች ግን መርፌው አይሠራም። ለነሱ ያለው መንገድ ከእንቁላል ማምረቻዋ ሕብረ ሕዋስ በቀዶ ጥገና ወስዶ ማቀዝቀዝና ወደፊት መልሶ መትከል ነው። በዚህ መንገድ የመጀመሪያው ልጅ መወለዱ የተዘገበው በ2004 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በቤልጂየም ነው። ዳሌዋ አካባቢ ጨረር የምትወስድ ከሆነ ማምረቻዋን በቀዶ ጥገና ከጨረሩ መንገድ ማሸሽም ይቻላል። በኬሞ ወቅት በየወሩ ስለሚሰጠውና እንቁላል ማምረቻውን «ስለሚያስተኛው» መርፌ ስትጠየቅ «ይጠቅማል፣ ግን እሱን ብቻ ተማምናችሁ አትቀመጡ» ነው የምትለው።

ባዶ ተስፋ አትሰጥም። ለአቅመ አዳም ላልደረሱ ወንዶች ልጆች የዘር ፍሬ ሕብረ ሕዋስ ማስቀመጥ ገና በምርምር ደረጃ ያለ መሆኑን በግልጽ ትናገራለች። የደም ካንሰር ላለባት ልጅ ደግሞ የተቀመጠው ሕብረ ሕዋስ ተመልሶ ሲተከል የካንሰር ሴሎችን ይዞ ሊመለስ ስለሚችል ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ታስረዳለች። አንዲት እናት ልጇ በጣም ታማ መጥታ ኬሞው በዚያው ቀን መጀመር ነበረበት። «ዛሬ ሕይወቷ ይቀድማል። ሌላውን ሲሻላት እናየዋለን» ስትላት አጠገባቸው ነበርኩ። እናትየዋ ጸጸት ተሸክማ አልሄደችም። ለእኔ የሲስተር ትልቁ ችሎታ ይህ ነው። ማን ጋ ቆም ማለት እንዳለባት፣ ማን ጋ ደግሞ ማጣደፍ እንዳለባት ታውቃለች።

ሕክምናው ካለቀ በኋላም አልረሳችንም። ልጄ «የምወልደው ልጅ ይህ በሽታ ይይዘዋል?» ብሎ ጠየቃት። ኢዊንግ ሳርኮማ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ በሽታ አይደለም አለችው። ቤተሰብ ውስጥ የሚወረሱ አንዳንድ ካንሰሮች ግን ስላሉ ሌሎች ሐኪማቸውን ይጠይቁ። የዘሩ ምርት ከዓመታት በኋላ ሊመለስም ላይመለስም ስለሚችል የሚታወቀው በምርመራ ነው። «መካን ነኝ ብለህ ሳትጠነቀቅ እንዳትቀር!» ስትለው ልጄ ጆሮው ድረስ ቀላ። ሴቶቹን ደግሞ የወር አበባ ተመለሰ ማለት እንቁላሉ እንደ ድሮው ነው ማለት እንዳልሆነ ትነግራቸዋለች። ስለቀረው እንቁላል ብዛት ኤኤምኤች የሚባለው የደም ምርመራ የተሻለ ፍንጭ ይሰጣል።

አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ዘር ወይም እንቁላል ካስቀመጣችሁ ስልክ ቁጥራችሁ ሲቀየር ለላቦራቶሪው አሳውቁ። የማቆያው ውል ሲታደስ ካጧችሁ ጣጣው ብዙ ነው።

ልጄ አሁን ክትትል ላይ ነው። ጸጉሩ ተመልሷል፤ ቁመቱም ከሲስተር በልጧል። ይህን የግድ ጻፊልኝ ስላለኝ ነው የጻፍኩት። እግዜር ይስጣት።

ልታገኟት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጠይቄያት ፈቃደኛ ከሆነች አገናኛችኋለሁ። ኬሞው ነገ ወይም ከነገ ወዲያ የሚጀመር ከሆነ ግን መልሴን አትጠብቁ። ዛሬውኑ ሐኪማችሁ ጋ ሂዱና የመድኃኒቶቹን ስም፣ ዘር ላይ ያላቸውን ጉዳት፣ የቀረውን ጊዜ ጠይቁት።