ዱዋል ቡት ኮምፒውተር ላይ ኦፕንኤስኤስኤች ይሻላል ወይስ ፑቲ?

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ አንድ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስና ኡቡንቱ አብረው ተጭነው (ዱዋል ቡት ማለት ይህ ነው) ማየት የተለመደ ነው። ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ዊንዶውስ ይፈልጋል፣ ሰርቨር የሚለማመደው ደግሞ ኡቡንቱ። ችግሩ ብቅ የሚለው መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። ጠዋት ዊንዶውስ ላይ እያለ ከሌላ ክፍል በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሌላ ኮምፒውተር በምስጢራዊ መስመር መግቢያ ዘዴ) የተገባበት ማሽን፣ መብራቱ ሲመለስ ግራብ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሲስተም የሚመረጥበት ዝርዝር) ላይ በቅድሚያ የተመረጠውን ኡቡንቱን ይዞ ይነሳል። ራውተሩ አድራሻ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ የኔትወርክ ካርዱን ማክ አድራሻ (የካርዱን መለያ ቁጥር) አይቶ ስለሆነ አይፒው (የሚሰጠው የኔትወርክ አድራሻ) አይለወጥም። ማሽኑ ማንነቱን የሚያሳይበት ቁልፍ ግን ሌላ ነው፤ ሁለቱም ሲስተሞች ኤስኤስኤች ሰርቨር ሲጫንባቸው የየራሳቸውን ቁልፍ ፈጥረዋልና። ከዚያ «የማሽኑ መለያ ተቀይሯል፣ መሐል ገብቶ የሚሰልል ሰው ሊኖር ይችላል» የሚለው ማስጠንቀቂያ ይመጣል።

ማስጠንቀቂያው አልተሳሳተም። አንድ ሳጥን ውስጥ ያሉ ሁለት ሲስተሞች ለኤስኤስኤች ሁለት ማሽኖች ናቸው። ስለዚህ በኤስኤስኤች የሚያገናኙትን ፕሮግራሞች፣ ኦፕንኤስኤስኤችንና ፑቲን፣ የመዘንናቸው ሁለቱን ሲስተሞች ለየብቻ እንዲያውቁ ማድረግ ምን ያህል ይቀላል በሚለው ነው። ሁለቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው።

ኦፕንኤስኤስኤች ዛሬ በዊንዶውስ 10ም በኡቡንቱም ውስጥ ስላለ ደንበኛውን (ወደ ሌላ ማሽን የሚያገናኘውን ፕሮግራም) ማውረድ አያስፈልግም። ማስጠንቀቂያው ጥሩ መረጃ ይሰጣል፦ የቁልፉን ዓይነት፣ የአዲሱን ቁልፍ አሻራ (ቁልፉን የሚለይ አጭር ጽሑፍ)፣ አሮጌው ቁልፍ «ኖውን ሆስትስ» በሚባለው የታወቁ ማሽኖች ቁልፍ የሚመዘገብበት ፋይል ውስጥ ስንተኛ መስመር ላይ እንዳለ። ጉድለቱ ኡቡንቱ ላይ የሚታየው ነው፤ ከማስጠንቀቂያው ሥር አሮጌውን ቁልፍ የሚያጠፋውን ትእዛዝ አዘጋጅቶ ያቀርባል። ዱዋል ቡት ላይ ይህን ትእዛዝ የተከተለ ሰው ዛሬ የዊንዶውስን ቁልፍ ያጠፋል፣ ነገ የኡቡንቱን። ሳምንት ሳይሞላ እጁ ሳያነብ «የስ» ማለት ይለምዳል። እውነተኛ አደጋ ሳይታወቅ ሾልኮ የሚያልፈው ያኔ ነው።

ትክክለኛው መፍትሔ ለየሲስተሙ ቁልፍ የራሱን መጠሪያ የሚሰጠው «ሆስት ኪ አሊያስ» የሚባለው ቅንብር ነው፤ ሲጻፍ ያለ ክፍተት እንደ አንድ ቃል ነው። መጀመሪያ ዱዋል ቡት ማሽኑ ፊት ተቀምጦ በየሲስተሙ የቁልፉን አሻራ ማንበብ ያስፈልጋል። ትእዛዙ ኤስኤስኤች-ኪጄን ሲሆን ሰረዝ ኤል፣ ሰረዝ ኤፍ፣ ከዚያ የኢዲ25519 ቁልፍ ይፋዊ ፋይል (መጨረሻው ነጥብ ፐብ የሆነው) ይከተላል። ኡቡንቱ ላይ ፋይሉ ኢቲሲ ሥር ባለው ኤስኤስኤች ፎልደር ነው፤ ዊንዶውስ ላይ ሲ ድራይቭ፣ ፕሮግራም ዳታ፣ ኤስኤስኤች ውስጥ። ፕሮግራም ዳታ የተደበቀ ፎልደር ስለሆነ አድራሻውን በእጅ መጻፍ ይቀላል። «ሻ256» ከሚለው በኋላ ያሉት 43 ፊደላት ናቸው አሻራው፤ ሁለቱንም በፍላሽ መያዝ ነው።

ከዚያ በሚገናኘው ኮምፒውተር ላይ በተጠቃሚው የራሱ ፎልደር ሥር፣ «ነጥብ ኤስኤስኤች» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ባለው «ኮንፊግ» ፋይል ሁለት ክፍል ይጻፋል፤ አንዱ ለምሳሌ ላብ-ዊን፣ ሌላው ላብ-ኡቡ። ሁለቱም ያንኑ አይፒ፣ ግን የየራሳቸውን የተጠቃሚ ስምና የየራሳቸውን አሊያስ ይይዛሉ። ከ8.5 በፊት ያለ ስሪት ከሆነ አይፒውንም ለብቻው የሚያጣራውን «ቼክ ሆስት አይፒ» የሚባል ቅንብርም «ኖ» ማድረግ ይሻላል። ቀድሞ በአይፒው የተመዘገበው አሮጌ ቁልፍ በኤስኤስኤች-ኪጄን ሰረዝ ካፒታል አር አንድ ጊዜ ብቻ ይጠፋል። በመጀመሪያው ግንኙነት ጥያቄው ሲመጣ «የስ» ከመጻፍ ይልቅ በፍላሽ የመጣውን አሻራ ከፊቱ ካለው «ሻ256» እና ሁለት ነጥብ ጋር መለጠፍ ነው። ከ8.0 ጀምሮ ኦፕንኤስኤስኤች ይህን ይቀበላል፣ አሻራው ካልገጠመም አያስገባም። ዓይንን ከማመን ይህን ማመን ይሻላል።

ፑቲ ቁልፍ የሚያስቀምጠው ዊንዶውስ ሪጅስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብሮች መዝገብ) ውስጥ ነው፤ ለአንድ አድራሻና ፖርት (ሰርቨሩ የሚያዳምጥበት የመግቢያ ቁጥር) ከአንድ የቁልፍ ዓይነት አንድ ብቻ ይይዛል። አዲሱን ከተቀበሉ አሮጌው ይደመሰሳል። መፍትሔ ግን አለው፦ «ኮኔክሽን» በሚለው ገጽ ታችኛው ክፍል የሩቁ ማሽን «ሎጂካል ስም» የሚጻፍበት ሳጥን አለ። እዚያ ለአንዱ ሴሽን ላብ-ዊን፣ ለሌላው ላብ-ኡቡ ብሎ ለየብቻ ሴቭ ማድረግ በቂ ነው። ሥራው እንደ አሊያሱ ነው፤ ሰው የማያየው ቦታ መቀበሩ ግን ያሳዝናል። በመዳፊት ለሚሠራ ሰው ፑቲ ይበቃል፤ ብዙ ማሽን ለሚያስተዳድር ግን ፋይሉን ገልብጦ ማከፋፈል ስለሚቻል ኦፕንኤስኤስኤች ይበልጣል።

ለሁለቱም የሚሆን ሌላ መንገድ የዊንዶውሱን ሰርቨር ወደ ፖርት 2222 ማዛወር ነው። ቁልፉ ከነፖርቱ ስለሚመዘገብ ግጭት አይኖርም፤ ያልተነሳውን ሲስተም የጠራ ሰውም ማስጠንቀቂያ ሳይሆን ግንኙነቱ አለመሳካቱን ነው የሚያየው። ፋየርዎሉ ላይ 2222ን መክፈት እንዳይረሳ፤ ሲጫን የሚከፈተው 22 ብቻ ነው።

የማንመክራቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው «ስትሪክት ሆስት ኪ ቼኪንግ» የሚባለውን የቁልፍ ጥብቅ ቁጥጥር «ኖ» ብሎ ማጥፋት ነው። ቁልፉ ተቀይሮ ሲገኝ ኦፕንኤስኤስኤች ያኔም ቢሆን በይለፍ ቃል መግባትን ስለሚከለክል ብዙም አይጠቅም። ሁለተኛው የኡቡንቱን ቁልፍ ወደ ዊንዶውስ መገልበጥ ነው። ይሠራል፤ ግን አንዱ ሲስተም ከተሰበረ የሌላውም ቁልፍ አብሮ ይወጣል። የፋይሉ ፈቃድ ከሲስተምና ከአድሚን ውጭ ለሌላ ተጠቃሚ ክፍት ከሆነም ሰርቨሩ ቁልፉን አይቀበለውም።

ዱዋል ቡት ላይ ሰዓቱ 3 ሰዓት ሲዛነፍ ማስጠንቀቂያውን ከዚያ ጋር የሚያያይዙ አሉ። ዊንዶውስ የአገር ውስጥ ሰዓት፣ ኡቡንቱ ዩቲሲ (የዓለም መለኪያ ሰዓት) ስለሚይዙ ነው የሚዛነፈው፤ ከእነዚህ ቁልፎች ጋር ግን አይገናኝም።

ሁለቱ ስሞች ከተለያዩ በኋላ ላብ-ኡቡ ቢያስጠነቅቅ መጀመሪያ ላብ-ዊንን መሞከር ነው። ሁለቱም ካልገጠሙ ራውተሩ ላይ ያለውን የአድራሻ ዝርዝር ከፍቶ ያ አይፒ የየትኛው ማክ አድራሻ እንደሆነ ማየት። የዚያው ማሽን ከሆነ ምናልባት ሲስተሙ እንደ አዲስ ተጭኗል፤ አፕዴት ብቻ ቁልፍ አይቀይርም። የሌላ ማሽን ከሆነ አድራሻውን ማን እንደወሰደው እስኪታወቅ ድረስ የይለፍ ቃል አይጻፍ።