የቆርቆሮና የአሸንዳ ሠራተኛ ለምትፈልጉ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ወላጆቻችን የሚኖሩት ጉለሌ ነው፣ እንጦጦ ሥር፣ ባህር ዛፍ በከበበው የቆየ ጭቃ ቤት ውስጥ። ሁለቱም ጡረታ ወጥተዋል። የክረምት ውሏቸው ብዙም አይለዋወጥም፦ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ መመለስ፣ ፀሐይ ብልጭ ካለች ደጅ ላይ መሞቅ፣ ከሰዓት ቡና፣ ከዚያ ሬዲዮ ከፍቶ ጋቢ ተከናንቦ ማሸለብ። ጣሪያ ካፈሰሰ ግን ቀኑ ባልዲና ሳፋ ሲያፈራርቁ፣ አልጋ ሲገፉ ያልቃል። ከሁሉም የሚያስፈራው ደግሞ አባታችን «ትንሽ ነገር ናት» ብለው መሰላል ሲያነሱ ነው። ይህን ጣጣ የገላገለንን ባለሙያ በአደባባይ ማመስገን ይገባናል። ሥራውን በዝርዝር የምንጽፈው ሌላ ሠራተኛም ብትጠሩ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ እንድታውቁ ነው።

መጀመሪያ ጣሪያ ላይ አልወጣም። መብራት ከቆጣሪው አስጠፋና ባትሪ ይዞ ኮርኒሱ ውስጥ ገባ። በየቤቱ የመብራት ገመድ የሚያልፈው ከኮርኒስ በላይ ስለሆነ፣ እርጥበት ባለበት ጣሪያ ይህን ሳያደርግ የሚገባ ሠራተኛ ካያችሁ አስቁሙት። ኮርኒስ ላይ ቡናማ ክብ የወጣበትና ቆርቆሮው የተበሳበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። ውሃው በቀዳዳው ይገባና ሞራሌውን፣ ማለትም ቆርቆሮው የተመታበትን እንጨት፣ ይዞ ይሄዳል፤ የሚንጠባጠበው መጋጠሚያ ወይም ምስማር ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ከክቡ በላይ ያለውን ቆርቆሮ ብቻ መለጠፍ ገንዘብ መጣል ነው።

በቀን ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ በቀላሉ ይገኛል። አስቸጋሪው ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ሲመጣ ብቻ የሚያፈሰው ነው። ይህ የሚፈተሸው በጎማ ውሃ እያፈሰሱ ነው፤ ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ፣ አንዱ ቦታ ላይ አሥር ደቂቃ ያህል እየቆዩ። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም ያዳርስና ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ አይለይም። ሌላም አለ፦ ዝናብ ሳይጥል ንጋት ላይ የሚንጠባጠብ ከሆነ ጣሪያው ላያፈስ ይችላል። የማብሰያውና የሰው ትንፋሽ እርጥበት ሌሊት በቀዘቀዘው ቆርቆሮ ውስጠኛ ገጽ ላይ ውሃ ይሆናል። መድኃኒቱ በሁለቱም የጣሪያ ጫፍ የአየር መተላለፊያ መክፈት ነው። ይህን የነገረን እሱ ነው፤ ሌላው ቢሆን አዲስ ቆርቆሮ ይሸጥልን ነበር።

ምስማር የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው። ሸለቆው ላይ ከተመታ ውሃ ዘወትር ያልፍበታል። በትክክል የተመታውም ቢሆን ዕድሜ አለው፤ ቆርቆሮው ቀን ሲግል ይለጠጣል፣ ማታ ይሰበሰባል፣ ምስማሩም ቀስ በቀስ ይላላል፤ ከምስማሩ ራስ ሥር ያለው ጎማም በበጋ ፀሐይ ይሰነጠቃል። የተለመደው መላ ሬንጅ መቀባት ነው። አንድ ክረምት ይይዝ ይሆናል፣ በጋው ሲመጣ ይሰነጠቅና ከሥሩ ውሃ አቁሮ ዝገቱን ያፋጥነዋል። የእኛ ሰው የላላውን ነቅሎ፣ ከምስማሩ ወፈር ያለ ባለ ጎማ ብሎን አሰረበት። ብሎኑ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ጎማው ተጨፍልቆ ስለሚወጣ፣ ጎማው ቆርቆሮውን ሲነካና ትንሽ ሲረግጥ ማቆም ነው። ሲበሳ የወደቀውን የብረት ብናኝም ሳይጠርግ አልወረደም፤ ብናኙ ከቀረ በሚቀጥለው ዝናብ ዝጎ ደህናውን ቆርቆሮ ያበላሻል።

ትንንሽ ቀዳዳዎችን በብርጭቆ ወረቀት ዝገታቸውን አጽድቶ፣ ካደረቀ በኋላ በጣሪያ ሲሊኮን ደፈናቸው። እርጥብ ላይ ሲሊኮን አይይዝም። ዝገቱ የተስፋፋበትን ግን መለጠፍ አልወደደም፣ ቆርቆሮው እንዲቀየር አደረገ። ስትገዙ ልብ በሉ፦ የጌጁ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። 28 ጌጅ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰው የሚረግጠው ጣሪያ ላይ ከዚያ የሳሳ አንመክርም። ድርቡ፣ ማለትም አንዱ ቆርቆሮ በሌላው ላይ የሚደረብበት፣ በጎን ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ጉብታ፣ በቁመት ደግሞ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የጎን ድርቡ አፍ ዝናቡ ወደሚመጣበት አቅጣጫ እንዳይዞርም አስጠንቅቁ።

እውነተኛው ጥበቡ ግን አሸንዳው ላይ ነው። ለጭቃ ቤት አሸንዳ ከጣሪያው አያንስም፤ ሞልቶ ወደ ኋላ የፈሰሰ አሸንዳ ግድግዳውን ከላይ ያሟሟዋል፣ መሬት ላይ የሚፈናጠረው ውሃ ደግሞ ከታች ይበላዋል። የባህር ዛፍ ቅጠል ከአቧራ ጋር ተቀላቅሎ ጭቃ ይሆናል፣ ውሃው ይቆማል፣ ክብደቱ አሸንዳውን ያጎብጠዋል። እሱ አጽድቶ ብቻ አልሄደም። ስፓጎ ወጥሮ ተዳፋቱን ለካ፦ በአንድ ሜትር 5 ሚሊ ሜትር፣ ለ12 ሜትር 6 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ይህን ያህል ዝቅታ ዓይን ላይ የሚከብድ ከሆነ መሐሉን ከፍ አድርጎ በሁለቱም ጫፍ መውረጃ ቱቦ ማድረግ ይቻላል፤ ያኔ 3 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። መያዣ ብረቶቹን በየ60 ሳንቲ ሜትሩ አሰረ። የፊተኛውን ከንፈር ከኋለኛው ዝቅ አደረገው፤ አንድ ቀን ሞልቶ ቢፈስ እንኳ ወደ ግቢው ይፈሳል እንጂ ወደ ግድግዳው አይመለስም። ብዙ ሠራተኛ የሚዘነጋው ይህችን ነው።

ቱቦው ባለ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ነው፤ መጨረሻው ክርን ተገጥሞለት ውሃውን ከመሠረቱ ቢያንስ አንድ ሜትር ያርቃል። በቱቦው አፍ ላይ ሽቦ አስገባ፤ ጠፍጣፋ ወንፊት ቢሆን ረጅሙ የባህር ዛፍ ቅጠል ተኝቶ ይደፍነዋልና እንደ ቅርጫት ከፍ ያለ አደረገው። ያም ሆኖ ሽቦ ጽዳትን አያስቀርም። ግንቦት መጨረሻ፣ ሐምሌ አጋማሽና መስከረም ሲጠባ ሰው ወጥቶ ይጥረገው፣ ያ ሰው ግን አባወራው አይሁኑ።

ከቱቦው አንዱን ወደ ሮቶ አዞረው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው፤ 80 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ቢጥል 2,000 ሊትር ይሆናል። የወቅቱ የመጀመሪያ ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያወርድ ወደ ሮቶው አይግባ። ውሃው ለልብስ፣ ለጽዳትና ለጎመን ነው፣ ለመጠጥ አይደለም። 2,000 ሊትር ሁለት ቶን ስለሚመዝን ማስቀመጫው ኮንክሪት ይሁን፤ በዝናብ በራሰ አፈር ላይ የቆመ የእንጨት ቆጥ ይዘማል።

ከሽማግሌዎች ጋር ያለው አያያዝ ሌላው የምናመሰግንበት ነው። «አባባ፣ እርስዎ ከታች ሆነው ውሃውን ይክፈቱልኝ» ብሎ ሥራ ሰጣቸውና መሰላሉን አስረሳቸው። እማማን ሌሊት የት የት እንደሚንጠባጠብ ጠይቆ በነገሩት ቦታ ሁሉ በጠመኔ ምልክት አደረገ። ማታ ሲሄድ መሰላሉን ግድግዳ ላይ ተደግፎ አይተወውም።

ዋጋ ሲነግር የእጁንና የዕቃውን ለይቶ ነው፤ ዕቃውን ራሳችሁ ብትገዙ ቅር አይለውም። በክረምት የሚሠራው ጠዋት ብቻ ነው፤ የአዲስ አበባ ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት ይመጣል፣ እርጥብ ቆርቆሮም ያንሸራትታል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የጠራው ሰው ወረፋ ይጠብቃል፣ እስከዚያው ሸራ ወጥሮ ያቆይለታል። የሚሻለው ግንቦት ላይ መጥራት ነው። ፈቃዱን ጠይቀናል፤ ስልኩን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እንልካለን። ስትደውሉ የጣሪያውን ርዝመትና ስፋት፣ ቆርቆሮው ስንት ዓመት እንደሆነው፣ የሚያፈሰው በየትኛው ዝናብ እንደሆነ ንገሩት፤ የኮርኒሱን ክብ ፎቶም ላኩለት።