«በ10 ትምህርት ትቆማላችሁ» የሚለውን የሰርፊንግ ጥቅል ከመግዛታችሁ በፊት

በኔታንያ፣ በአሽዶድ፣ በአሽኬሎንና በሌሎች የእስራኤል የባሕር ዳር ከተሞች የምትኖሩና በአዋቂነት ዕድሜያችሁ ሰርፊንግ (በቦርድ ላይ ቆሞ በሞገድ መንሸራተት) ለመማር የምታስቡ ወገኖቼ፣ ባለፈው ሴፕቴምበር እኔና የአክስቴ ልጅ በድምሩ 6,700 ሼክል የከፈልንበትን ውል በዝርዝር ላስረዳችሁ እወዳለሁ። የሸጠልንን ትምህርት ቤት ስም የማልጠቅሰው ማስጠንቀቂያዬ ስለ ውሉ ዓይነት እንጂ ስለ አንድ ድርጅት ብቻ ስላልሆነ ነው።

እኔ 43 ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግሁት በጎንደር ደጋ በመሆኑ ዋና የተማርሁት ከ35 ዓመቴ በኋላ ነው፤ ሰርፊንግ ለመማር ስወስንም ነገሩን በቀላሉ አላየሁትም። በስልክ ያነጋገረችን ሻጭ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ካዳመጠች በኋላ የአዋቂ ጀማሪ ትልቁ ችግር ተነሣሽነት እንደሆነ፣ ገንዘቡን አስቀድሞ የከፈለ ሰው ግን እንደማያቋርጥ ነገረችን። ጥቅሉ ለአንድ ሰው በ2,400 ሼክል 10 ትምህርቶችን የሚሰጥ ሲሆን፣ በእነዚህ 10 ትምህርቶች ውስጥ ገና ያልተሰበረ፣ ወደ አረፋ ያልተለወጠ ሞገድ ላይ በራሳችን ቀዝፈን ካልቆምን ሙሉ ገንዘባችን እንደሚመለስ ዋስትና ተሰጠን። ከፍለን ከጨረስን በኋላ በዋትሳፕ የደረሰን የዕብራይስጥ ውል ግን ዋስትናው የሚሠራው 10ሩም ትምህርቶች በ60 ቀን ውስጥ ከተጠናቀቁ ብቻ እንደሆነ፣ በባሕሩ ሁኔታ ምክንያት ትምህርት ቢሰረዝም ቀኑ እንደማይራዘም ይናገር ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው።

ይህ ሁኔታ ለምን የማይቻል እንደሆነ ለመረዳት ባሕራችንን ማወቅ ያስፈልጋል። በሰፊ ውቅያኖስ ዳር ከሩቅ ማዕበል ተነሥቶ የሚመጣ ሞገድ በ12 ወይም በ15 ሰከንድ ልዩነት ሊደርስ ይችላል፤ የሜዲትራኒያን ሞገድ ግን በአብዛኛው ቅርብ በሚነፍስ ነፋስ ስለሚፈጠር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከ5 እስከ 8 ሰከንድ ብቻ ተራርቆ ነው፣ ነፋሱ ሲያቆምም ብዙ ሳይቆይ ይከስማል። በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ባሕሩ ለተከታታይ ቀናት ጸጥ ብሎ የሚተኛበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የዚህ አገር ሰርፈሮች እንዲህ ያለውን ባሕር «ፕላታ» ይሉታል። ከዲሴምበር በኋላ ደግሞ ትልልቁ ሞገድ ከነማዕበሉ ይመጣል፤ ባሕሩ አደገኛ በሆነበት ቀን ጀማሪ ውኃ ውስጥ የሚሠራው ነገር የለም። በመሆኑም በመጸው የሚሸጥ የ60 ቀን ጥቅል፣ ሻጩ ባሕሩን የሚያውቅ እስከሆነ ድረስ፣ ሊፈጸም እንደማይችል እየታወቀ የሚሸጥ ቃል ነው ብዬ አምናለሁ። በእነዚያ 60 ቀናት ውስጥ ሞገድ ያገኘሁት 4 ጊዜ ብቻ ነበር። ሌላ 3 ጊዜ በተኛ ባሕር ላይ በቦርድ ተኝተን እንድንቀዝፍ ተደርጎ እንደ ሙሉ ትምህርት ተቆጠረብን፤ ቢበዛ 5 ይሆናል የተባለው ቡድንም በአንድ አሠልጣኝ ሥር 11 ሰው ሆኖ አገኘነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ከሦስተኛው ትምህርት በኋላ የተሸጠልኝ ቦርድ ነው፤ የራስህ ቦርድ ሲኖርህ ተነሣሽነትህ አይቀንስም ተብዬ ለአሮጌ ቦርድ 1,900 ሼክል ከፈልሁ። ቦርዱ ርዝመቱ 6 ጫማ ከ2 ኢንች፣ መጠኑ (ሰውን ውኃ ላይ የማንሳፈፍ አቅሙን የሚወስነው) 28 ሊትር፣ ከፋይበርግላስ የተሠራ ጠባብ ቦርድ ነበር። እኔ 78 ኪሎ እመዝናለሁ። በዚህ ክብደት 28 ሊትር ለብዙ ዓመት ልምድ ላለው ሰው እንጂ ለጀማሪ የሚሆን አይደለም፤ ጀማሪ የሚያስፈልገው ከ8 እስከ 9 ጫማ የሚረዝም፣ ላዩ በለስላሳ ስፖንጅ የተሸፈነ፣ ተኝቶበት ሲቀዝፍ የማይሰጥምና ሲወድቅ ራሱንም ሌላውንም የማይጎዳ ቦርድ ነው። በትንሽ ቦርድ የሚጀምር አዋቂ ሞገዱ ከመድረሱ በፊት በቂ ፍጥነት ስለማያገኝ በየቀኑ ሳይቆም ይመለሳል፣ ከጥቂት ሳምንታትም በኋላ ጥፋቱ የዕድሜው ወይም የሰውነቱ እየመሰለው ይተወዋል። እኔም ለአንድ ወር ያህል እንደዚያ መስሎኝ ነበር፤ ይህን ስጽፍም የሚያሳዝነኝ ከገንዘቡ ይልቅ ያ ወር ነው።

አሮጌ ቦርድ ለመግዛት የምትፈልጉ ካላችሁ እግር እንዳያንሸራትት በላዩ ላይ የተለቀለቀው ሰም ሙሉ በሙሉ ተፍቆ እንዲጸዳ ጠይቁ፤ ስንጥቅ የሚደበቀው በሰምና በተለጣፊ ወረቀት ሥር ነውና። በአውራ ጣታችሁ እግር የሚያርፍበትን ቦታ ስትጫኑ የሚሰረጉድ ከሆነ ፋይበርግላሱ ከውስጠኛው ፎም ተላቅቋል ማለት ነው። በስንጥቁ አካባቢ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ቡናማ የተለወጠ ቀለም ውኃ እንደገባበት ያመለክታል፤ እንዲህ ያለው ቦርድ ከመጠኑ በላይ ይከብዳል፣ ፀሐይ ላይ ሲቆይም ከስንጥቁ ውኃ ሊያንጠባጥብ ይችላል። የእኔ ቦርድ እነዚህ ምልክቶች ሁሉ ነበሩበት፣ ነገር ግን ምን መፈለግ እንዳለብኝ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ስለ ተነሣሽነት ሻጯ የነገረችን ነገር ፍጹም ውሸት እንዳልሆነ መመስከር አለብኝ። በተሰበረ፣ አረፋማ ሞገድ ላይ ለጥቂት ሰከንድ መቆም ብዙ ሰው በመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች ያገኘዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሞገድን ማንበብ፣ በጊዜው መቅዘፍና በአንድ እንቅስቃሴ መነሣት ወራትን የሚጠይቅ ነው፣ አንድ ሰዓት ውኃ ውስጥ ቆይቶ በእግር የሚቆመውም ለሰከንዶች ብቻ ነው። ስለዚህ በስንት ሞገድ ላይ ቆምሁ ብሎ የሚቆጥር አዋቂ ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል። እኔን የያዘኝ በሳምንት ስንት ቀን ባሕር ገባሁ ብዬ መቁጠሬ፣ ባሕሩ ሲተኛ ገንዳ ገብቼ መዋኘቴ፣ ማታ ማታም ልጆቼ እያዩኝ ምንጣፍ ላይ ከደረት ወደ እግር መነሣትን መለማመዴ ነው። ለዚህ ደግሞ አስቀድሞ የተከፈለ ጥቅል አያስፈልግም፤ ሞገዱ ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር፣ ነፋሱም ቀላል በሆነበት ማለዳ አንድ ትምህርት ብቻ ከፍሎ፣ ቦርድ ተከራይቶ መማር ይቻላል። በዚህ አገር ሰርፊንግ አዲስ ነገር አይደለም፤ አሜሪካዊው ሐኪም ዶሪያን ፓስኮዊትዝ በ1956 ቦርድ ይዞ ቴል አቪቭ ከደረሰ ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል፣ በየባሕር ዳሩም ጠዋት ጠዋት ለጠየቃቸው ሰው ያለ ክፍያ የሚመክሩ ነባር ሰርፈሮች አሉ።

ስለ ሕጉ ደግሞ ባለማወቄ ያጣሁትን ልንገራችሁ። በ1981 የወጣው የእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተፈጸመን ግዢ በ14 ቀን ውስጥ ለመሰረዝ መብት ይሰጣል፤ ያለ ምክንያት ለተሰረዘ ውል ሻጩ ሊያስቀር የሚችለውም ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሼክል፣ ከሁለቱ ያነሰውን ነው። ሆኖም የመዝናኛ አገልግሎት ሲሆን፣ አገልግሎቱ ሊሰጥ 7 የሥራ ቀን ሲቀረው ይህ መብት ይቋረጣል። እኔን በከፈልሁ በማግስቱ ለመጀመሪያው ትምህርት መጥራታቸውን እንደ ትጋት ቆጥሬው ነበር፤ ዛሬ ግን ትምህርቱን በችኮላ የሚያስጀምር ሻጭ ሲገጥማችሁ ቀኑን እንድታርቁት አጥብቄ እመክራችኋለሁ።

የአክስቴ ልጅ ወደ እስራኤል ከገባች ገና 3 ዓመቷ ነው። የሌሊት ፈረቃ ስለምትሠራ የመጀመሪያ ትምህርቷ ቀን ሳይቆረጥላት 60ው ቀን አለፈ፣ ትምህርት ቤቱም ጥቅሉ ጊዜው አልፎበታል ብሎ ዘጋባት። ነገር ግን ሕጉ ከገቡ 5 ዓመት ላልሞላቸው አዲስ ገቢዎች፣ እንዲሁም ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች፣ ግዢው ከሻጩ ጋር በተደረገ ንግግር የተፈጸመ ከሆነ የመሰረዣ ጊዜውን ወደ 4 ወር ያራዝመዋል። ስሟን፣ የመታወቂያ ቁጥሯንና የግዢውን ቀን ጠቅሳ ውሉን እንደሰረዘች በኢሜይል ጻፈች፣ የአዲስ ገቢ የምስክር ወረቀቷን ቅጂም አያያዘች። መጀመሪያ እንቢ አሏት፤ ጉዳዩን ወደ አነስተኛ የገንዘብ ክርክር ፍርድ ቤት እንደምትወስደው ስትጽፍ ግን 100 ሼክል ቀንሰው 2,300 ሼክል መለሱላት።

እንዲህ ያለ የዕብራይስጥ ውል በእጃችሁ ካለና ለማንበብ ከተቸገራችሁ፣ የግል መረጃችሁን ሸፍናችሁ ፎቶውን ላኩልኝ። ቀኑ ሳያልፍባችሁ አብረን እናነበዋለን።