ቅዳሜ ማታ ከዚራ፦ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ

ልጆች ያላችሁ የድሬ ሰዎች ይቺን አንብቡልኝ። ከዚራ ውስጥ አንድ ሻይ ቤት ቅዳሜ ማታ ማታ ግቢው ውስጥ የድሮ ድምፅ አልባ ፊልሞች ማሳየት ጀምሯል። አዋቂ 50 ብር ይከፍላል፣ ልጅ በነፃ ይገባል። ሻዩ ጥሩ ነው። ሳምቡሳው ቶሎ ያልቃል።

እኛ ያየነው ቻርሊ ቻፕሊን የተጣለ ሕፃን አንስቶ የሚያሳድግበትን፣ በ1921 የወጣውን ፊልም ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ድምፅ የለሽ ፊልም ለድሬ ልክ ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚናገሩ ልጆች ተደባልቀው ተቀምጠው እኩል ይስቃሉ። በየመሃሉ የሚመጣውን ጽሑፍ አዘጋጁ በሦስቱም ቋንቋ ያነብላቸዋል። ትንሹ ልጅ መስኮት በድንጋይ ሰብሮ ሲሮጥ፣ ቻፕሊን ደግሞ መስታወት በጀርባው አዝሎ ሊጠግን ከተፍ ሲል ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

እኔን የማረከኝ ግን አዘጋጁ ነው። ልጆቹ ጋሼ የሚሉት ሸምገል ያለ ሰው ነው። ፊልሙ ሳይጀመር ስለ ትንሹ ተዋናይ ጥቂት ነገር ብቻ ይነግራቸዋል። ጃኪ ኩጋን ይባላል፣ በ1914 ሎስ አንጀለስ ተወለደ፣ ወላጆቹ የመድረክ ሰዎች ነበሩ፣ ቻፕሊንም ያገኘው አባቱ በሚሠራበት ቲያትር ቤት ነው። በቃ። ከዚያ መብራት ይጠፋል።

ሰዎቹ ልጁን ወደ ማሳደጊያ ሊወስዱት መኪና ላይ ሲጭኑት፣ እጆቹን ዘርግቶ ፊቱ በእንባ ርሶ ይለምናል። ትንሿ ልጄ ከወንበሯ ተነስታ ቆመች። እኔም አልቻልኩም፣ አለቀስኩ። ቻፕሊን ራሱ በ7 ዓመቱ ለንደን ውስጥ የድሆች መጠለያ የገባ ልጅ ነበር።

ጃኪ ሠርቶ ያገኘውን ገንዘብ ነገር ጋሼ የሚያወራው ፊልሙ ካለቀ በኋላ ነው። ይህን አደራረጉን በጣም ወደድኩት፤ ልጆቹ በዚያ ሰዓት ጃኪን ዘመዳቸው አድርገውታል። ጃኪ በልጅነቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር እንዳስገኘ ይገመታል። አድጎ ሲጠይቅ ብሩ የለም። በጊዜው ሕግ ልጅ ሠርቶ ያገኘው የወላጅ ነበር። በ1938 እናቱንና እንጀራ አባቱን ከሰሰ፤ የደረሰው 126 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። በዚሁ ሰበብ ካሊፎርኒያ በ1939 በስሙ የሚጠራ ሕግ አወጣች። ዛሬ እዚያ ሕፃን ተዋናይ ከሚያገኘው ቢያንስ 15 በመቶው በስሙ ይቀመጥለታል።

ይሄ ለእኛ ለወላጆች የተነገረ ነው ብዬ ወስጄዋለሁ። ልጆቻችንን እያስጨፈርን ቲክቶክ ላይ የምንለቅ ስንት ነን? ብሩ ሲመጣ የማን ነው? እኔ በዚያው ሳምንት ለሁለቱም በስማቸው የቁጠባ ደብተር አወጣሁላቸው።

ጋሼ አንድ ነገር ቢጨምር ደስ ይለኛል። ጃኪ በ1924 ለአርመንና ለግሪክ ወላጅ አልባ ሕፃናት እርዳታ አሰባስቧል። አርመንና ግሪክ በኖሩባት ድሬ ይሄ መቅረት የለበትም። በዚያው ዓመት እኮ ነው ራስ ተፈሪ 40ዎቹን ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ከኢየሩሳሌም ያስመጡት።

ጉድለትም አለው። ሰዓት አያከብሩም፣ ወንበሩ ወገብ ይገድላል። መሃል ላይ ያለው ምሰሶ ከኋላ የተቀመጠውን ስለሚጋርደው ቀደም ብላችሁ ድረሱና ከፊት ያዙ።